«በርታ» ሒስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። አራት ምሁራን እየተነሡ መጽሐፉን አወደሱ፤ ከመታተሙ በፊት ያነበበው ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ግን የራሴን ጉድ ልናገር።

ስለ አገው ፈረሰኞች ማኅበር የጻፍሁትን ረቂቅ እንጅባራ ላይ ለሁለት ባልደረቦቼ ሰጠሁ፤ ሁለቱም እንደኔው ዶክተሮች ናቸው። አንዱ በሳምንቱ «በርታ» አለኝ። ሌላው ሁለት የፊደል ግድፈት አርሞ መለሰልኝ። ሦስተኛውን ቅጂ ዳንግላ ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ወሰድሁ። ዐሥራ አምስት ቀን አቆዩት። ስመለስ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጣታቸውን አኑረው፦

«ዶክተር፣ ይኸ 1932 የማን አቈጣጠር ነው?» አሉኝ።

ማኅበሩ የተመሠረተበትን ዓመት ከአንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስገለብጥ የአውሮፓውያን አድርጌ ወስጄው ኖሯል። በዚህም ማኅበሩን ከወረራው በፊት በሰላም ዘመን የተወለደ አድርጌ ሃያ ገጽ ሙሉ ተንትኛለሁ። 1932 ዓ.ም. በኛው አቈጣጠር ነው፤ ያኔ ደግሞ ጣልያን አገሩ ላይ ነበር። ሃያውም ገጽ ተናደ። ሁለቱ ባልደረቦቼ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ አላነበቡትም፣ ወይም አንብበው ይሉኝታ ያዛቸው።

ውድ አንባቢ፣ ለተየበው እንከፍላለን። ለሽፋን ሠሪው እንከፍላለን፣ ለማተሚያ ቤቱም እንከፍላለን። ረቂቁን የሚመረምረውን ሰው ግን በውለታ እንለምነዋለን። በውለታ የሚያነብ ሰው ደግሞ ጨክኖ «ይህ ምዕራፍ አይረባም» አይልም። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት፣ ከመደርደሪያ የማይወርድ እንኳ ቢሆን፣ የውጭ ፈታኝ ተከፍሎት ይመጣለታል። ሕዝብ የሚያነበው የታሪክ መጽሐፍ ግን ፈታኝ የለውም። ይህ ነውር ነው።

«አርታኢ ሳንሱርን ያስታውሰናል» የሚሉ አሉ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ የታገደውን «ኦሮማይ»ን ያየ ትውልድ ረቂቁን ለሌላ ዓይን ለማሳየት ቢፈራ አልፈርድበትም። ሆኖም ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በዐዋጅ ቀርቷል። ሳንሱር የሚጠይቀው «ይህ ማንን ያስቈጣል?» ብሎ ነው፤ አርታኢ የሚጠይቀው «ይህን በምን ታረጋግጣለህ?» ብሎ ነው። ሁለቱን ማምታታት ለስንፍናችን የተመቸ ሰበብ ሆኗል።

ምሳሌ ፍለጋ ከዳንግላ መውጣት አያስፈልግም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዚሁ አካባቢ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ አጠና፤ መጽሐፉ የወጣው ግን በ1936 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1928 ስለ ዓባይ የላይኛው ክፍል ያጠናውን በለንደኑ የሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ መጽሔት አውጥቶ በሙያው ሰዎች ፊት አቅርቦታል። እኛ የአገሩ ልጆች የመጀመሪያውን ተቺ የምናገኘው ሺህ ቅጂ ካሳተምን በኋላ ነው።

በየተቋሞቻችን ለመጽሐፍ ረቂቅ፣ ከደራሲው ጋር ቡና የማይጠጣ ገምጋሚ ይመደብ፣ ይከፈለውም። አስተያየቱን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ደራሲውም በጽሑፍ ይመልስ። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የምረቃው አዳራሽና መስተንግዶ በምን ተከፈለ?

እኔም ብሆን ለመምህሩ የዐሥራ አምስት ቀን ድካም የወሰድሁላቸው አንድ ኪሎ ቡና ነበር፤ ስጽፈው አፍራለሁ። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጽፌዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዳንግላ እወርዳለሁ፤ አሁን ግን የምሄደው ውል ይዤ ነው።