አዲሱ ዕቃ ገብቶ ውሃው ለምን ይንጠባጠባል?

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ወር ወጪ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ ደግሞ ከማድ ቤት ወጣ ብለን የአሮጌዋን መኪናችንን ኮፈን እንከፍታለን። «ይህ የወንዶች ሥራ ነው» የምትሉ ብትኖሩ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡት በዚያችው መኪና አይደለምን? የጋራዡስ ሒሳብ የሚከፈለው ከአስቤዛው ገንዘብ ተቀንሶ አይደለምን? እንግዲያው ነገሩ የእኛም ነው።

በከተማችን ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ዛሬም በየመንገዱ ይታያሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ክልከላ ሲወጣ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለችውን መኪና ጠግኖ ስለ መያዝ አጥብቆ ማሰብ ጀምሯል። እነዚህን መኪኖች ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ መፍሰስ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ራዲያተሩ ወይም የውሃ ፓምፑ በአዲስ ተለውጦ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣው ፍሰት ነው።

በእኛ ቤት የደረሰውን ላጫውታችሁ። ጊዜው ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ነው። አባታችን ያወረሱን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 የተሠራች ኮሮላ አለችን። ራዲያተሯና የውሃ ፓምፗ በአዲስ ከተለወጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር። አዳማ አክስቴን ጠይቀን ስንመለስ፣ ሞጆን እንዳለፍን የሙቀት ጠቋሚው መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ። ዳር ይዘን ቆምን። ታናሽ ወንድሜ ሊረዳን ብሎ ዘሎ ወረደና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። የፈላው ውሃ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ፈንድቶ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ለበለበው። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ሆነው ጩኸቱን ሰሙ። ደግነቱ በጀሪካን የያዝነው ቀዝቃዛ ውሃ ነበርና እጁን እያጠብን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ።

መኪናዋን ወደ ሠራት ጋራዥ ሦስት ጊዜ መለስናት። በመጀመሪያው «ክዳኑ ነው» ተባልን፤ ገዛን። በሁለተኛው «የላይኛው ጎማ ነው» ተባልን፤ ያንንም ገዛን። በሦስተኛው «አዲሱ ፓምፕ ራሱ ብልሽት አለበት፤ ሌላ አምጡ» ሲሉን ባለቤቴ ወደ ሱማሌ ተራ ሊሄድ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ነው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ጎረቤታችን የደረሱልን።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ውሃ የሚያመልጠው አዲሱ ከአሮጌው ጋር በሚጋጠምበት ነው። ለመሆኑ አፉን አጽድተውት ነው ወይ?»

«እኔማ ምን ዐውቄ ጋሼ፣ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር» አልኋቸው።

ሞተሩ በርዶ ስላደረ ፓምፑን አስፈቱት። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ ውሃ እንዳያመልጥ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው የቀድሞው ጓርኒሲዮን ቅሪት እንደ ደረቀ ሊጥ ተጣብቆ ተገኘ። አዲሱ ጓርኒሲዮን የተነጠፈው በዚያ ጉርብጥብጥ ላይ ኖሯል። የታችኛው ጎማ ደግሞ ዝገት በያዘ የብረት አፍ ላይ ገብቶ በሽቦ ታስሯል። ጎረቤታችን ቅሪቱን አስፋቁ፤ የብረቱን አፍ በብርጭቆ ወረቀት አስጠረጉ፤ አዲስ ጓርኒሲዮንና በብሎን የሚጠብቁ ሁለት የጎማ ማሰሪያዎች አስገቡ። የዕቃው ዋጋ አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም ነበር። ፍሰቱም በዚያው ቆመ።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? ነገሩን ከማድ ቤታችን እንረዳው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል እያሉ የሚያስቸግሩን በዚህ ምክንያት ነው። እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስለው ድስት የሚያፈጥነው፣ ውስጡ ያለው ግፊት ውሃው ሳይፈላ ይበልጥ እንዲሞቅ ስለሚያደርገው ነው። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ይኸው ነው። በብዙ የጃፓን መኪና ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ የሚይዘውን ግፊት ያመለክታል። 0.9 የሚለው ክዳን በደንብ ከያዘ፣ ውሃው በአዲስ አበባም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ግፊቱ በአንድ ቀዳዳ ካመለጠ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል። ሞተር በደህናው ቀን ሲሠራ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሚሞቅ፣ በደህናና በአደጋ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። አሮጌው ክዳን ወይም ራዲያተር ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ያስተነፍስ የነበረ ከሆነ፣ አዲሱ ሲገባ ግፊቱ ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል። ያን ጊዜ የደከመው አሮጌ ጎማ ይሸነፋል። ለብዙ ዓመት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ሞተርም፣ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን የመሰለ ቅርፊት ይይዛል። ይህ ቅርፊት አንዳንድ ጊዜ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ደፍኖ ይቆይና ሞተሩ በሚታጠብበት ቀን ይነሣል፤ ቀዳዳውም ይገለጣል። ስለዚህ ከጥገና በኋላ የሚመጣ ፍሰት ሁሉ አዲሱ ዕቃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ መደምደም አያስፈልግም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጋራዥ ከመሄዳችን በፊት የሚፈሰው ከየት እንደሆነ እንወቅ። ይህንኑ ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማታ ከሞተሩ ሥር ዘርግታችሁ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ጠዋት ጠብታው ከፊት ከሆነ ራዲያተሩንና ጎማዎቹን፣ የሞተሩ ቺንጋዎች ባሉበት በኩል ከሆነ ፓምፑን ተጠራጠሩ። ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ መኪና ያላችሁ፣ ከዚያ የሚንጠባጠበው ቀለም የሌለው ንጹሕ ውሃ ጉዳት እንደሌለው ዕወቁ። ሞተሩ በርዶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቃችሁ ጥቂት የሕፃን ፓውደር ብትነሰንሱባቸው፣ በማግስቱ ውሃው የሄደበት መስመር ይታያል። በመኪናው ውስጥ ከእግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰና ጣፋጭ ሽታ ካለው የማሞቂያው ራዲያተር ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላልና መኪናዋን አታንቀሳቅሷት።

ጋራዥ ስንደርስ በር ላይ አንቀመጥ። ዕቃው ሲፈታ ቀርበን እንይ። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሞተሩ ፊት ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ፍጹም ጸድቷልን? በሚፋቅበት ጊዜስ ብረቱ እንዳይቧጨር ተጠንቅቀዋልን? ጎማው የሚገባበት አፍ ከዝገት ነጽቷልን? ጎማው በእጅ ሲጨመቅ የሚሰነጠቅ ወይም የሚልፈሰፈስ ከሆነ ይለወጥ። በሽቦ የታሰረ ጎማ አንቀበል። ማሰሪያውም ሆነ ብሎኑ ከመጠን በላይ አይጥበቅ፤ የፕላስቲክ አፍ ይሰነጠቃል፣ የአሉሚኒየም ጥርስም ይበላል። ጓርኒሲዮን በሚገባበት ቦታ ሲሊኮን ብቻ ለድፎ ማለፍም ደግ አይደለም፤ የተረፈው ተቆርጦ ገብቶ የውሃውን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ከፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ እየወረደ ከሆነ ብቻ፣ በእርግጥም የፓምፑ ውስጣዊ ማፈኛ ሄዷልና ፓምፑ ይለወጥ። ክዳን ስንገዛ ቁጥሩ ለመኪናዋ የታዘዘው ይሁን።

ሒሳቡን ከመክፈላችን በፊት ደግሞ ሞተሩ እንዲፈተን እንጠይቅ። ውሃው ሞተሩ በርዶ ሳለ ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ ማሞቂያው በሙሉ ተከፍቶ፣ አየሩ አረፋ ሠርቶ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሠራል። በውስጡ አየር የቀረበት ሞተር ሳይፈስም ይሞቃልና ይህ አይዘለል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ መጠኑን ራሳችን አይተን የጎደለውን እንሙላ። የሚሞላውም የተጣራ ውሃና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል በእኩል ቢሆን ይመረጣል። በአገራችን ደጋ የመቀዝቀዝ ፍርሃት ብዙ ባይኖርም፣ ፈሳሹ ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

አሁን ለእናቶች ከሁሉ በላይ ወደ ሆነው ጉዳይ ልምጣ። ይህ ባለቀለም ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ አለበት። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትን ያታልላል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ስለዚህ በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡት። ከሞተሩ የወጣውም በሳፋ በግቢ ውስጥ አይተው፤ የፈሰሰው በውሃ ይታጠብ። ልጅ ከቀመሰው፣ ደህና ቢመስልም እንኳ ሳትዘገዩ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

መንገድ ላይ መርፌው ወደ ቀዩ ከወጣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ ልጆቹን ከመኪናው አርቁ። የላይኛውን ጎማ በእጅ ይዞ መቆየት እስኪቻል ድረስ ክዳኑን ማንም እንዳይነካው ከልክሉ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን በሚወርድ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማብረድ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል መቀባት ቁስሉን ያባብሳል።

የእኛ ቤት የጥገና ወጪ በሦስት ጉዞ የተከፈለው፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ብቻውን ጥገና ስለ መሰለን ነው። የወንድሜን ክንድ ባየሁ ቁጥር ያ ያልተፋቀ የጓርኒሲዮን ቅሪት ትዝ ይለኛል። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትሄዱ ወንበሩን ትታችሁ ቅረቡና «አፉን አጽድታችሁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩ ቢገረምም ያሳያችኋል።