ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም

አባቶቻችን «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብለው የተረቱት፣ ጣራ ለሚከድን ሰው ብቻ አይደለም። ባለፈ ነገር ልቡ እየተቃጠለ የዛሬውን ቀን ለሚያባክን ሁሉ የተነገረ ምክር ነው።

በቢቸና በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራችን ላይ ሳለን፣ አንድ ሽማግሌ በታናሽ ወንድማቸው ላይ አቤቱታ ይዘው መጡ። ነገሩ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ስላካፈሏቸው መሬት ነበረ። ሽማግሌው የተጣሉበትን ዓመት፣ ወሩንና ቀኑን፣ በዚያም ቀን ማን ምን እንደ ተናገረ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩን። ወረቀቱን ብናየው ቀን አልተጻፈበትም። «ቀን ይጻፍበት» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ወሩ በገባ በስንት ነው?» ብለው እኛኑ ጠየቁን።

ይህ ጥያቄ ብዙ አሳሰበን። ያለፈውን ቀን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው የቆመበትን ቀን አያውቀውምና።

ሕግ እንኳ ለክርክር ዳርቻ አበጅቶለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ለሚመጣ ጥያቄ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ 10 ዓመት ወስኗል፤ ይህም ይርጋ ይባላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ተከሳሹ ይህን ጠቅሶ ቢቃወም ክሱ ይወድቃል። ሕጉ እንዲህ ማድረጉ በደል አልተፈጸመም ለማለት አይደለም፤ ሰው ዕድሜውን ሁሉ በሙግት እንዳይፈጅ ነው እንጂ። መዝገብ የሚዘጋበት ቀን ካለው ልብ ስለ ምን አይኖረውም?

ነገር ግን መተው ማለት መርሳት አይደለም። የተበደለ ሰው ጊዜው ሳያልፍ ወደ ዳኛ ወይም ወደ ሽማግሌ መሄድ ይገባዋል። የሚጎዳው፣ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ወይም ፍርድ በማይገኝለት ነገር፣ በቤት ውስጥ ዘወትር ከሳሽ ሆኖ መኖር ነው።

በዚህ ረገድ የሞጣ አገር ሰው መልካም ምሳሌ አለው። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው መንገድ፣ በዐባይ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነበረ፤ «ሰባራ ድልድይ» የሚባለው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ስለ ፈረሰው ሲያዝን አልኖረም። ብርቱ ሰዎች በወዲህና በወዲያ ማዶ ቆመው፣ መንገደኛውን በገመድ እየሳቡ ያሻግሩት ነበረ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2002 የፈረሰው መካከል በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ያንኑ ሙላት ወሰደው። ከዚያ በኋላ በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ሌላ አዲስ ድልድይ ተሠራ። የአባቶች ሥራ ክብሩ አልጎደለም፤ ነገር ግን ለአሮጌው ሲባል ማዶ ያለ ዘመድ ሳይጠየቅ አልቀረም።

የጎጃም የቅኔ ቤቶችም ይህንኑ ያስተምራሉ። ደቀ መዝሙሩ የትናንቱ ቅኔ ምንም ቢያምርለት፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ አዲስ መቍጠር አለበት። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ የትናንቱ አይደገምም። የቤት ኑሮም እንዲሁ ነው። በትናንት ፍቅር የዛሬው ልጅ አይጠግብም፤ በትናንት ቂምም የዛሬው እንጀራ ይመርራል።

እንግዲህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፣ ማታ ከማዕድ ስትቀመጡ የምትናገሩት ቃል ለዛሬው ቤት ነው ወይስ ላለፈው ክረምት? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ወደ ሽማግሌው ነገር እንመለስ። ቀኑን በነገርናቸው ጊዜ በጣታቸው ጥቂት ቈጠሩና «ለካስ የልጅ ልጄ አርባ ቀን ነገ ነው!» አሉ። እኛም «አባቴ፣ ለክርስትናው ወንድምዎ ተጠርተዋልን?» ብንላቸው ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። በኋላም ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት አጥፈው በብብታቸው ከተው ወጡ። መዝገቡም ሳይከፈት ቀረ።