ነጥቡ 50 ላይ ነው፤ ዜሮውስ የት ነው?

የሒሳብ መምህር ያለእኩልነትን በቁጥር መስመር ላይ ሲያሳይ ሥራው አጭር ነው። «ከ50 የሚበልጥ ወይም ከ50 እኩል የሆነ» ሲባል 50 ላይ የተቀባ ክብ ያደርጋል፣ ቀስቱን ወደ ቀኝ ይስባል። 50 ገባ፤ 49.9 ውጭ ቀረ። «ከ50 የሚበልጥ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ክቡ ባዶ ይሆናል፣ 50ም ይወጣ ነበር።

ትምህርት ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን የሚለየው በዚሁ መስመር ነው። 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። በየዓመቱ ከ10 ልጆች ከ9 በላይ ከክቡ በስተግራ ቀሩ።

የመስመሩ ደጋፊዎች የያዙት እውነት አለ። ኩረጃ ፈተናውን ዋጋ አሳጥቶት ነበር፤ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወስዶ መስጠቱ ትክክል ነው። ክቡን ወደ ግራ መግፋትም መፍትሔ አይሆንም። የጎደለ እውቀት በነጥብ ቅናሽ አይሞላም።

ነገር ግን አንድ የቁጥር መስመር ለሁሉም የሚሠራው ዜሮው ለሁሉም አንድ ቦታ ሲሆን ነው። በ2012 8ኛ ክፍል የነበረ የደምቢ ዶሎ ወይም የጊምቢ ልጅን እንይ። በዚያ ዓመት በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መስመሩ በተከፈተበት ሰሞን ኮሮና የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፤ ከኪረሙ ኦሮሞውም አማራውም ተፈናቀለ። ያ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ በ2016 ለፈተና ተቀመጠ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ያለ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የተሰጠው ወረቀት ነው። ውጤቱ ሲመጣ «ሰነፍ» ተባለ።

ሚኒስቴሩ አንድ ነገር ያድርግ። ውጤቱን በየወረዳው ያውጣ፤ ከጎኑም ትምህርት ቤቱ በ4ቱ ዓመታት ስንት ቀን እንደተከፈተ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ መምህር እንደነበረው ይጻፍ። ቀኑ ለጎደለበት ወረዳ ከፈተናው በፊት የጎደለው ቀን በመምህርና በመጽሐፍ ይካስ። ነጥብ መጨመር አያስፈልግም።

ይህ ከተደረገ በኋላ ክቡ 50 ላይ ይቀመጥ፤ የነቀምቴም ልጅ አይቃወመውም። ካልተደረገ ግን በየዓመቱ የሚነበበው ቁጥር የተማሪውን ጉብዝና ብቻ ሳይሆን በሩ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ጭምር እየለካ ነው። ለተዘጋው በር ደግሞ ተጠያቂው ልጁ አይደለም።