ጠንካራ ነው? እንግዲያውስ ይቅርብን

መርካቶ ውስጥ አንድን ዕቃ ለማሞገስ አንድ ቃል ይበቃል፤ «ጠንካራ ነው»። ሻንጣው ጠንካራ ነው፣ ጫማው ጠንካራ ነው፣ ድስቱ ጠንካራ ነው። ሻጩ ዕቃውን መሬት ላይ ጣል አድርጎ፣ ካስፈለገም ቆሞበት «አየሽ እህቴ? አይሰበርም!» ይላል። እኛም ከእናቶቻችን ኋላ እየተጎተትን ያደግነው ይህንኑ እየተማርን ነው። ዕቃውን አንስተን እንመዝነዋለን፤ ከከበደን ደህና ነው፣ ከቀለለን ውሸት ነው።

ይህ ሕግ ጨርሶ የማይሠራበት አንድ ዕቃ አለ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፤ ያውም የትራውት። (ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል።)

«ትራውት ደግሞ እኛ አገር የት አለና?» ለምትሉ፣ ባሌ አለ። ትራውት ቀዝቃዛና ወራጅ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው፤ እንደ ቆሮሶና አምባዛ ሐይቅ ውስጥ ተንደላቅቆ አይኖርም። ተወላጅም አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አካባቢ ለስፖርት አጥማጆች ተብሎ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ለኬንያም ቢሆን ቀድመው ያመጡላት እንግሊዞች ናቸው። ዌብ፣ ዳንካ፣ ሻያ የሚባሉት ወንዞች ቤቱ ሆኑ። ዌብ ማለት ቁልቁል ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ነው፤ ላይኛው አካባቢ ግን እንዲያ አስፈሪ አይደለም። ውኃው ጠበብ ያለ፣ የጠራ፣ ድንጋያማ ነው፤ ዓሣውም አብዛኛው ከክንድ ያንሳል።

ቅዳሜ ሲመጣ ቦርሳ አዝሎ ተራራ መውጣት የለመደው የእኛ ዕድሜ ሰው ዲንሾ ደርሶ ወንዝ ዳር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። «ዘንግ ይዘን ብንሄድስ?» የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ከተነሣ ሰነባብቷል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ዘንግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ የጀማሪ ደመወዝ ላይ እንዴት እንደሚጨክን እኛው እናውቃለን። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንም እናውቃለን፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ስለዚህ መሳሳት የሚቻለው አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዘንጉ አልጋ ሥር ይገባል፣ ባለቤቱም «ዓሣ ማጥመድ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል።

መርካቶ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አያግዝም። ጎማ ተራ አለ፣ ቦምብ ተራ አለ፣ ምን አለሽ ተራ አለ፤ ዘንግ ተራ ግን የለም። ዘንግ የሚገኘው ከድንኳን፣ ከባትሪና ከኳስ ጋር ተደበላልቆ ነው። ሻጩ ጥፋት የለበትም፣ እሱም አጥምዶበት አያውቅም። የሚያወጣልን እንደ አንቴና እየተመዘዘ የሚረዝመውን፣ እጀታው የመጥረጊያ እንጨት የሚያህለውን ነው። ይህ ለባሕር ወይም ጫሞ ሐይቅ ላይ ለናይል ፐርች ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዓሣ በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ነውና ጉልበት ይፈልጋል። ዳንካ ወንዝ ላይ ግን ዝንብ በመዶሻ ማሳደድ ይሆናል።

ለምን ብትሉ፣ ዘንግ ምርኩዝ አይደለም፤ ሞላ ነው። ወደ ኋላ ስናወዛውዘው ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ማባበያ በክብደቷ ታጎብጠዋለች፤ የጎበጠው ሲቃና ወደ ፊት ይወረውራታል። የትራውት ማባበያ፣ ያቺ ትንሽ ማንኪያ የምትመስል የምታብረቀርቅ ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ግራም ብቻ ትመዝናለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ 4 ግራም ገደማ ነው። የመጥረጊያ እንጨት በስኳር ማንኪያ አይጎብጥም። ካልጎበጠ አይወረውርም፤ ማባበያዋ እግራችን ሥር ትወድቃለች።

የባሰው ደግሞ ዓሣው ከያዘ በኋላ ነው። በጠራ ውኃ ውስጥ ወፍራም ክር ትራውትን ያሸሸዋል፤ ስለዚህ ክሩ ቀጭን፣ ከ0.16 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዓሣው በድንገት ሲፈተለክ ለስላሳ ዘንግ ይጎብጥለትና ንዝረቱን ይውጠዋል። ደረቅ ዘንግ አይጎብጥም፣ ክሩ ይበጠሳል። ዓሣው መንጠቆ አፉ ውስጥ ተሰክቶ ይሄዳል፣ የተበጠሰው ፕላስቲክ ክርም ወንዙ ውስጥ ይቀራል። ያውም በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። እኛን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያበሳጨን ይሄኛው ነው።

እንግዲህ ሱቅ ገብተን «ጠንካራ አለ?» አንልም። ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈውን እናነባለን። «ኤል» ቀላል ማለት ነው፣ «ዩኤል» እጅግ ቀላል። አጠገቡ የሚወረውረው ክብደት በግራም ይጻፋል፤ ከ2 እስከ 7 ወይም እስከ 10 የሚል ከሆነ እሰየው፣ 40 እና 80 የሚል ከሆነ «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብሎ መውጣት ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ደግሞ መንካትም አያስፈልግ። ርዝመቱ 1.80 ሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ቁጥቋጦ ለበዛበት ከዚያም ቢያጥር፣ ሜዳ ላይ ለሚፈስሰው 2.10 ቢሆን አንጣላም።

አንድ ፍተሻ አለ፣ መርካቶ ላይ በነፃ የሚሠራ። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጣቸው ከተሰነጠቀ ቀጭኑን ክር እንደ ምላጭ ይበሉታል፣ ስንጥቁ ግን በዓይን አይታይም። ትንሽ ጥጥ ይዘን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ እናሳልፋለን፤ ጥጡ ተይዞ ጭረት ከተወ ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ሻጩ ግር ቢለው ችግር የለም። የለበሳችሁት ነጠላ ጫፍም ይሠራል።

ማጠንጠኛው ትንሽ ይሁን፤ ቁጥሩ 1000 ወይም 2000 የሚለው ይበቃል። ሺማኖ የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ ብስክሌት ማርሽ ላይ የምታውቁት ያው የጃፓን ኩባንያ ነው። ፍሬኑን አላልታችሁ ክሩን በእጅ ሳቡት፣ ሳይንቀጠቀጥ በእኩል ከተሳበ ደህና ነው። በነገራችን ላይ ይህን ዓይነት ማጠንጠኛ በ1905 (እ.ኤ.አ.) በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሱፍ ፋብሪካ ሰው ነበር፤ ሐሳቡንም ያገኘው ከፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ነው ይባላል። ሸማ ተራ ያሉ ድውር ያዦች ቢያዩት ወዲያው ይገባቸዋል።

«የሐይቅ ዳር ልጆች በሸንበቆና በክር ስንት ዓሣ ያወጡ የለ?» የሚሉን አሉ። ያወጣሉ፤ እናደንቃቸዋለንም። እነሱ ግን ትል ሰክተው እግራቸው ሥር ነው የሚያጠምዱት። በጠራ ውኃ ውስጥ ጥላችንን አይቶ የሚሸሽን ዓሣ ከራቅ ብለን በ3 ግራም ብረት ልናታልለው ካሰብን ሸንበቆው አያደርሰንም። ክርክሩ ስለ ሀብታም ዕቃ አይደለም፤ ቀላሉ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ አይወደድም፣ የሚወደደው ስም ያለበት ነው።

ካርቦን ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ባሌ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም ሲጀምር ዘንጉን አስተኝታችሁ ከወንዙ ራቁ። ከማጥመድ በፊት ደግሞ ዲንሾ ላይ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቁ። ለመንገዱ አራት ቦታ የሚፈታታው ዘንግ ከአንቴናው ይሻላል፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሲገጠምም በእኩል ይጎብጣል። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ልጫነው» ካላችሁ እምቢ በሉ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጭናችሁ ላይ ይሂድ።