«በአንድ ጨዋታ ተበላሁ»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። ለስፖርት ውርርድ ቃላት ግን ስም ያወጣላቸው መልአክ ሳይሆን ገበያ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ምነው ቢሉ፣ አብዛኞቹ ቃላት መክሰርን በስሙ አይጠሩትም። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዕሬን ያነሣሁት፣ ነገ ቋንቋና ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች እነዚህን ቃላት ሳንመረምር በአፋችን ማመላለሳችን ስላሳሰበኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ በመኝታ ቤታችን በረንዳ ላይ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ንግግር ይህን የመሰለ ነው።

«ዛሬ ምን ቆረጥክ?»

«አሥር ጨዋታ። ኦዱ ስድስት መቶ ምናምን ነው።»

«አይበዛም እንዴ?»

«ሁሉም ሹር ነው ባክህ! ባለፈው እንኳ በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት።»

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። «ቆረጥኩ» ሲባል እንደ አውቶቡስ ትኬት ነው፤ ትኬት የቆረጠ ሰው ደግሞ ካሰበበት መድረሱ አይቀርም። «ሹር» ማለት እርግጠኛ ማለት ነው። ገና ያልተጀመረ ጨዋታ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንማ ኖሮ አወራራጁ ድርጅት ራሱ አይቀበለውም ነበር። «ኦቨር 2.5» የሚሉት ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ይገባል ማለት ነው። ግማሽ ጎል በሜዳ ላይ የለም፤ በወረቀት ላይ የተጨመረችው ውርርዱ ያለ አሸናፊ እንዳይቀር ነው። «ካሽ አውት» ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ትኬትን ለድርጅቱ መልሶ መሸጥ ነው። ዋጋውን የሚተምነው ገዢው ነው፤ ወጣቱ ግን ከባንክ ገንዘቡን ያወጣ ያህል ይሰማዋል።

ይህ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የውርርድ ሱቆች እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በሕግ ተፈቅደው በተከፈቱባት በእንግሊዝ አገር፣ ተወራራጆች 25 ፓውንድን «ፖኒ»፣ 500 ፓውንድን «መንኪ» ይሉታል። አንዱ ትንሽ ፈረስ፣ ሌላው ጦጣ መሆኑ ነው። ገንዘብ የእንስሳ ስም ሲይዝ፣ ሲጠፋም እንደ ገንዘብ አያንገበግብም።

ከሁሉም የከፋው ግን «ኦድ» የሚለው ቃል ነው። ባለፈው የተግባር ልምምድ ወቅት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ፕሮባቢሊቲ ሳስረዳ፣ አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሬ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ይሄማ ሃምሳ ሃምሳ ነው፤ ኦዱ 1.90 ይሆናል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። «ለምን 2 አይሆንም?» አልኩት። «እኔ እንጃ፤ እዚያ እንደዚያ ነው» አለ። አፈርኩ። ያሳፈረኝ ልጁ ማወቁ አልነበረም። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ ትኬት ስቆርጥ፣ ለትምህርት መርጃ መሣሪያ መግዣ የያዝኳትን ገንዘብ ሳይቀር ሳስበላ፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አለማወቄ ነው።

መልሱ ቀላል ነው። ኦድ ዕድል ሳይሆን ዋጋ ነው። እኩል ዕድል ባላቸው ሁለት ወገኖች ላይ ሁለት ሰዎች መቶ መቶ ብር ቢያስይዙ፣ አወራራጁ 200 ብር ይሰበስባል፤ ላሸነፈው 190 ብር ከፍሎ 10 ብር ያስቀራል። ማን እንዳሸነፈ አይገደውም። እንግሊዞች አወራራጁን «ቡክሜከር» ይሉታል፤ መዝገብ ሠሪ እንደማለት ነው። ዋና ሥራው የኳስ ትንቢት ሳይሆን የመዝገብ ሚዛን ነውና ስያሜው ከኛዎቹ ቃላት ይልቅ እውነት ይናገራል።

አሁን ወደ በረንዳው ጓደኛችን ትኬት እንመለስ። 1.90ን አሥር ጊዜ ጽፈን ብናባዛው 613 ይመጣል። ጨዋታዎቹ እንደ ሳንቲሙ እኩል ዕድል ያላቸው ከሆኑ፣ አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ከ1,024 አንዱ ነው። ስለዚህ በ20 ብር ትኬት የሚከፈለው 12,262 ብር ገደማ ሲሆን፣ ዋጋው ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ 20,480 ብር መሆን ነበረበት። በአንድ ጨዋታ ላይ ከተያዘ 100 ብር በአማካይ 95 ብር ይመለሳል፤ በአሥር ጨዋታ ላይ ከተያዘ 100 ብር ግን 60 ብር አካባቢ ብቻ። ጨዋታ በደረደርን ቁጥር ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ይቆርጣል ማለት ነው። ቆራጩ ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይለያል።

«በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለውስ? አሥሩም የሚሳኩበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከአሥሩ አንዱ ብቻ የሚበላሽበት መንገድ ግን አሥር ነው፤ ወይ የመጀመሪያው፣ ወይ ሁለተኛው፣ እያለ እስከ አሥረኛው። እንግዲህ በአንድ ጨዋታ መበላት ከማሸነፍ አሥር እጥፍ የሚደጋገም ነገር ነው። ለድል የመቃረብ ምልክት ሳይሆን የስሌቱ ጠባይ ነው። «ተበላሁ» ከቃላቱ ሁሉ ሐቀኛው ያማርኛ ቃል ነበር። እሱንም «በአንድ ጨዋታ» የምትለዋ ሐረግ አበላሸችው። ተበላሁ ብሎ ያቆመ ሰው ይቆጨዋል፤ በአንድ ጨዋታ ብሎ የጨመረ ግን በሳምንቱ ይመለሳል።

በስልክ «ፊክስድ ጨዋታ አለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትም ከዚሁ ስሌት ይጠቀማሉ። ለ800 ሰዎች መልእክት ይላካል፤ ለግማሾቹ «ባለሜዳው ያሸንፋል»፣ ለግማሾቹ «አያሸንፍም» ተብሎ። የተሳሳተባቸው 400ው ይተዋሉ፤ ለቀሩት 400 እንደገና እንዲሁ ይደረጋል። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ሦስቱንም በትክክል ሲነገራቸው ያዩ 100 ሰዎች ይቀራሉ። እነሱም «ሰውዬው ያውቃል!» ብለው ይከፍላሉ።

አንዳንድ አሠልጣኝ መምህራን የቁማር ቃል ወደ ክፍል መግባት የለበትም፣ ያላወቀውን ማሳወቅ ይሆናል ይላሉ። ሥጋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያላወቀው የቱ ልጅ ነው? ቃላቱን የሚያነባቸው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ በሱቅ በር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል ነው። እኛ ዝም ስንል የሚተረጉምለት ሻጩ ብቻ ይሆናል። ደግሞም «እገሌ በልቷል፣ አይተናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሚበላ አለ። የበላው ሲያወራ ይሰማል፤ የተበሉት ግን ዝም ስለሚሉ አይቆጠሩም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የሒሳብና ያማርኛ ሠልጣኞች ተባብረን ስለነዚሁ ቃላት አንድ የትምህርት ዕቅድ እናዘጋጅ። ኦድን ዋጋ፣ ሹርን ግምት፣ መቁረጥን ማስያዝ እያልን በትክክለኛ ስማቸው እንጥራቸው። ከዚያ በፊት ግን ከበረንዳችን እንጀምር። ቅዳሜ ማታ ጓደኛችን «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» ሲለን፣ «አይዞህ፣ ለጥቂት ነው» ከማለት ይልቅ «ስንት ብር?» ብለን እንጠይቀው። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የመርጃ መሣሪያዬን ካርቶን ከሰው ባልተበደርኩ ነበር።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ ሰሌዳው የሁላችንም ነውና በሚቀጥለው እትም መልሱልኝ።