ከሰባት ቤት ቆጠራ የቀረችው እናት

«የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ የመስቃን ወጣት የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም አከታትሎ ይመልሳል። ቆጠራውን በሚገባ የተማረ ከሆነም እስከ ሰባት ትውልድ ይዘልቃል። «የእናትህ እናት ከማን ቤት መጣች?» ቢባል ግን ብዙውን ጊዜ መልስ ያጥረዋል። ታዲያ የዘር ሐረጉን ለመመዝገብ የሚሻ ተማሪ ከየትኛው ወገን ይጀምር? በእኛ እምነት ከእናቱ እናት ሊጀምር ይገባዋል።

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። እያንዳንዱ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። በዚህ ስሌት በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳሉ፤ ከወላጆች ጀምሮ ሲደመሩም 254 ይሆናሉ። ዘመዳሞች ተጋብተው ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል። የአባቱን መስመር ብቻ የሚቆጥር ሰው ከእነዚህ የ7ቱን ስም ይጠራል፤ የ247ቱ ስም አይነሣም። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደው ሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ቆጠራው እናቶችን ከዘለለ ዓላማውን ይስታል።

ሥነ ሕይወትስ ምን ይላል? ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ደግሞ ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ ይተላለፋል፤ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ሴቶች ልጆቿ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ውርሳችን ከሁለቱም መስመሮች ውጭ ከሁሉም ወገን ተቀይጦ የሚመጣ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄሞፊሊያ የተባለ በሽታ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በሽታው የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ ወንድ ልጅ ይህን ክሮሞዞም የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሽታው በቤተሰቡ መኖሩን ለማወቅ የእናቱን ወንድሞችና የእናቱን አባት መጠየቅ እንጂ የአባቱን ትውልድ መቁጠር አይጠቅመውም።

የአባት ሐረግ ይናቅ ማለታችን አይደለም። ጎሳና ርስት በእርሱ ሲተላለፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ያ ሐረግ ጠባቂ አለው፤ ስማችን ራሱ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዞ ይጓዛል። የእናት ሐረግ ግን በአረጋውያን ትዝታ ብቻ የሚኖር ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ጊዜ የማይሰጠውን ማስቀደም ደግሞ የምርምር ደንብ ነው።

ከዚህም በላይ ሙሽራ ወደ ባሏ መንደር የምትሄድ በመሆኗ የእናቶችን ሐረግ የሚከተል ሰው ከመንደር ወደ መንደር ይጓዛል። መንገዱ ማረቆ፣ ስልጤ፣ ዶቢ ወይም ሶዶ ሊያደርሰው ይችላል። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው በአባቱ ስም ወደ አንድ ወገን ይመደባል፤ አያቱ ከሌላው ወገን የመጣች መሆኗ ይረሳል። የአያቱን መንደር የሚያውቅ ወጣት ግን ጎረቤቱን ባዕድ ነው ብሎ ለመቀበል ይከብደዋል። ሐረግ መቁጠር ዝምድናን ለማግኘት እንጂ ወገን ለመለየት ብቻ ሊውል አይገባም እንላለን።

ለአመዘጋገቡ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአካባቢው ልደትን፣ ሞትንና የመኖሪያ ለውጥን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ለብዙ ጥናቶች መሠረት ሆኗል። ያስተማረን ነገር ቢኖር ተራ የሚመስል መረጃ በወቅቱና በጥንቃቄ ከተጻፈ ዕውቀት እንደሚሆን ነው።

እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ ቤተሰባችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተር ያዙ። ከቡናው በኋላ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡና ስማቸውን፣ የተወለዱበትን መንደር፣ የእናታቸውን ስምና በልጅነታቸው የተናገሩትን ቋንቋ ጠይቃችሁ ጻፉ። የነገሯችሁን ሰው ስምና ቀኑንም አስፍሩ። የአባታችሁ ሐረግ በስማችሁ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል፤ የአያታችሁ ትዝታ ግን እስከሚቀጥለው በዓል ላይቆይ ይችላል።