ሁለተኛው ልደትና የመኪናው መቀመጫ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ በሚያሳድጉ ቤተሰቦች ዘንድ ከሁለተኛው ልደት ማግስት የሚሠራ የታወቀ ሥራ አለ፤ ካር ሲቱን፣ ማለትም የልጁን የመኪና መቀመጫ፣ ፈትቶ ወደ ፊት ማዞር። እስከዚያ ድረስ የኋላ መስኮት ሲያይ የኖረው ልጅ መንገዱን ማየት ይጀምራል። እናት በመስታወት ፊቱን ታያለች። ልጅ ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣች አያት ካለች ደግሞ፣ "እሰይ! ምን አጥፍቶ ነው ጀርባውን አዙራችሁ ስትቀጡት የከረማችሁት?" ማለቷ አይቀርም። ደስ የሚል ቀን ነው። ለአብዛኞቹ ልጆች ግን ቀኑ ያለጊዜው የመጣ ነው።

ሁለት ዓመት የሚለው ቁጥር የቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2002 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይመክር የነበረው፣ ሕፃኑ ቢያንስ አንድ ዓመት ሞልቶት 20 ፓውንድ ማለትም 9 ኪሎ ያህል እስኪመዝን ፊቱ ወደ ኋላ ይሁን ብሎ ነበር። በ2011 ምክሩን ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አደረገው። ከአሜሪካ ክልሎች አንዳንዶቹም ተከትለው በሕግ አጸኑት፤ ኒው ጀርሲ በ2015፣ ካሊፎርኒያ በ2017፣ ቨርጂኒያ በ2019፣ ዋሽንግተን ስቴት በ2020፣ ሜሪላንድ በ2022። ሕግ ቁጥር ይወዳል። መንገድ ዳር መኪና ያስቆመ ፖሊስ የልጁን አንገት መመርመር አይችልም፤ ዕድሜውን ግን መጠየቅ ይችላል።

አካዳሚው ራሱ በ2018 ዕድሜውን ከምክሩ አወጣው። አሁን የሚለው፣ ልጁ መቀመጫው በዚያ አቅጣጫ የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ፊቱ ወደ ኋላ ይሁን ነው። ሕጉ ግን ሁለት ላይ ቆሞ ቀረ። የሕጉ ዓላማ ከዚህ በታች አትውረዱ ማለት ነበር፤ ብዙ ወላጅ የተረዳው ግን እዚህ ስትደርሱ አዙሩ የተባለ ያህል ነው። የችግሩ ምንጭ ይኸው ነው። ማዞርን እንደ ዕድገት፣ ልጁ ከሕፃንነት የሚመረቅበት እርከን አድርጎ ማየት ተለመደ፤ በተግባር ግን ማዞር ልጁ ካለው ጥበቃ ከፊሉን መተው ነው።

ልጅን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የማስቀመጡን ሐሳብ ያመጣው በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ነበር፤ በኋላ በጎተንበርግ በቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የጠፈር ተጓዦች በጄሚኒ መንኮራኩር ውስጥ የሚቀመጡበትን ሁኔታ አስተዋለ። ወንበራቸው ለጀርባቸው ልክ የተቀረጸ ነበርና ከባዱ ግፊት በአንድ ቦታ ሳይከማች በመላ ጀርባቸው ላይ ይሰራጭ ነበር። አልድማን ይህንኑ ለሕፃናት አሰበው። በ1964 ቮልቮ የመጀመሪያውን ናሙና ሞከረ፤ በ1972 ለገበያ አቀረበው። ዛሬ ስዊድን ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መጓዙ ማንንም አያስገርምም። የስዊድን ባለሙያዎች በአንገት ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚለኩበት ፕላስ የሚባል ፈተናም አለ፤ ወደ ፊት የሚያይ መቀመጫ አላለፈውም።

ምክንያቱን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከፊት ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለ ማንኛውም ነገር በአማካይ የክብደቱን 14 እጥፍ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይሳባል። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ እናት ጭኗ ላይ የያዘችው 10 ኪሎ ሕፃን በዚያች ቅጽበት 140 ኪሎ ይሆንባታል ማለት ነው፤ ያን የሚይዝ ክንድ የለም። መቀመጫና ቀበቶ ያለው ልጅም ቢሆን ከስሌቱ አያመልጥም። ፊቱ ወደ ፊት ከሆነ ማሰሪያው ትከሻውንና ዳሌውን ይይዝለታል፤ ጭንቅላቱን ግን የሚይዘው የለም። የአንድ ዓመት ልጅ ጭንቅላት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በ14 ሲባዛ 35 ኪሎ ነው፤ ይህንን ሁሉ የሚሸከመው አንገቱ ነው።

አንገቱ ደግሞ የትልቅ ሰው አንገት አምሳያ አይደለም። አራስ ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ይሆናል፤ የአዋቂ ሰው ግን ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። የሕፃኑ የአንገት አጥንቶች ገና አልገጠሙም፤ እያንዳንዳቸው በለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) የተያያዙ ክፍሎች ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ የሚዋሐዱት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ጅማቶቹም ልል ናቸው። አከርካሪው ሲለጠጥ በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ያንኑ ያህል አይለጠጥም። ፊቱ ወደ ኋላ ሲሆን ግን ግፊቱን የሚቀበለው የመቀመጫው ጀርባ ነው፤ ጭንቅላት፣ አንገትና ገላ አንድ ላይ ይደገፋሉ። ከኋላ ቢገጩንስ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው አቅጣጫ የሚሄድ በመሆኑ ግጭቱ ይቀላል፤ የከፉት ግጭቶች በብዛት የፊት ናቸው።

ብዙ ወላጅ ያልሰማው አንድ ታሪክ ግን አለ። በ2011 ምክሩ ሲቀየር አብሮት የተሰራጨው ቁጥር 75 በመቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ፊታቸው ወደ ኋላ ሲሆን የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት ዕድላቸው በዚህን ያህል ይቀንሳል ተባለ። መነሻው በ2007 የወጣ ጥናት ነው። በኋላ ሌሎች ስሌቱን ሲደግሙት አልመጣ አለ፤ የናሙናው መረጃ የተመዘነበት መንገድ ስህተት ነበረበት። መጽሔቱ ጥናቱን ሻረው። በ2018 ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች ብዙዎቹ ያሉበት ቡድን በሰፋ መረጃ እንደገና መረመረው። ያገኘው ነገር ሁለት ወገን አለው፦ መቀመጫ ውስጥ በአግባቡ የታሰሩ ልጆች በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆኑ ክፉኛ የሚጎዱት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከዚህ የተነሣ ከአሜሪካ መረጃ ብቻ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል በስታቲስቲክስ የሚጸና ልዩነት ማሳየት አልተቻለም።

ይህ ምክሩን አይጥለውም። ግጭት በቤተ ሙከራ ሲለካ፣ የሕፃን አንገት አፈጣጠር ሲታይ፣ የስዊድን የረጅም ዘመን ልምድ ሲጨመርበት፣ ሁሉም የሚጠቁሙት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አካዳሚውም በዚሁ ዓመት ምክሩን ሲያሻሽል ዕድሜውን ተወ እንጂ ወደ ኋላ ማየቱን አልተወም። የጥናቱ መሻር የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ልደት ላይ አንዳች ነገር የሚለወጥበት መስመር መኖሩን ያሳየ መረጃ የለም። ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን የሆነው ልጅ ከትናንቱ የጠነከረ አንገት አላበቀለም። በሌላ በኩል የሦስት ዓመት ልጇን ያዞረችን እናት በፌስቡክ ልጅሽን ልትገድይው ነው እያሉ ማሸማቀቅ መረጃው የማይሸከመው ድፍረት ነው።

እንግዲህ የሚወስነው መቀመጫው ነው። በጎኑ የተለጠፈው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የክብደትና የቁመት ጣሪያ ይሰጣል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚፈጠር ስህተት አለ። ሕፃኑ ከሆስፒታል ሲወጣ የተገዛው፣ እጀታ ያለውና ሕፃኑን ከነመቀመጫው የሚያነሱበት ካር ሲት ለአንዳንዱ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ይጠበዋል። ወላጆች ይህን ሲያዩ ለመዞር ደረሰ ይላሉ። የጠበበው ግን ያኛው መቀመጫ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ትልቅ መቀመጫ ገዝቶ እሱንም ወደ ኋላ ማሰር ነው። የዚህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ሆኖ እስከ 40 ፓውንድ ይይዛል፤ 50 የሚይዝም አለ። አርባ ፓውንድ 18 ኪሎ ሲሆን መካከለኛ ልጅ እዚያ የሚደርሰው ወደ አምስት ዓመቱ ገደማ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው ቁመቱ ነው፤ የልጁ አናትና የመቀመጫው ጫፍ ርቀት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ሲያንስ ጊዜው ደርሷል፤ በአንዳንድ መቀመጫ ልኩ ይለያል።

እግሩስ? የአያቶች ትልቁ ጭንቀት ይህ ነው። ልጁ እግሩን አጥፎ ወይም ከፍቶ ይቀመጣል፤ ልጅ ምንጣፍ ላይ ሲጫወትም የሚቀመጠው እንዲሁ ነው። እንዲያውም የእግር ጉዳት በደንብ የተመዘገበው ወደ ፊት በሚያዩ ልጆች ላይ ነው፤ እግራቸው ተወርውሮ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይመታል። ወደ ኋላ ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ ነገር ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ልጁ ሲጮህ መኪና የነዳች እናት ሐሳቧ ከመንገዱ ቢወጣ አይገርምም፤ ይህም አደጋ ነው። ማስመለስም አለ። መኪናው ጠቦ የፊት ተሳፋሪው ጉልበት ዳሽቦርዱን ሲነካም አለ። ከሁለት ዓመት በታች እነዚህ ምክንያቶች ሚዛን የሚደፉ አይመስሉም፤ ሕጉም በአብዛኛው አይፈቅድም። ከሁለት በኋላ ግን ሌላ መላ ሞክሮ ያልተሳካለት ቤተሰብ ቢያዞር፣ በደንብ አስሮ ካዞረ፣ ጥፋተኛ የሚያሰኘው ነገር የለም።

በደንብ የምትለው ቃል ብዙ ትሸከማለች። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2011 ባካሄደው ጥናት ከመቀመጫዎቹ 46 በመቶው በስህተት የታሰሩ ነበሩ። አዲስ በተዞረ መቀመጫ ላይ በተለይ ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። አንደኛ፣ ወደ ኋላ ሲታይ የትከሻ ማሰሪያው ከልጁ ትከሻ እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲዞር እኩል ወይም ከፍ ካለ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከመቀመጫው አናት ተነሥቶ ከመኪናው ወንበር ጀርባ ወይም ከኋላ መደርደሪያው ቀለበት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ አለ። ይህ በግጭት ጊዜ ጭንቅላቱ ወደ ፊት የሚሄደውን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ወላጅ በመቀመጫው ኪስ ውስጥ እንደተጠቀለለ ይተወዋል።

ማኅበረሰባችን ዘንድ ሌላም አለ። ካር ሲት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የአንዷ ልጅ ሲያድግ ለወለደችው ጓደኛ ይሰጣል። ደግ ልማድ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። መመሪያው ግን መንገድ ላይ ይጠፋል፤ መቀመጫው የነበረበት መኪና ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ የሚያስታውስ አይኖርም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ካልተላጠ መመሪያው ከአምራቹ ድረ ገጽ ይገኛል፤ ማብቂያ ቀኑም እዚያው ፕላስቲኩ ላይ ይጻፋል። በአንዳንድ ከተሞች የእሳት አደጋ ጣቢያዎች የሠለጠነ ሰው መድበው የመቀመጫውን አስተሳሰር በነፃ ያያሉ፤ በቀጠሮው ቀን መቀመጫውን፣ መኪናውንና ከተቻለ ልጁንም ይዞ መሄድ ነው።